የአባ ቦራ መስኮት

ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን «አባታችሁን ሳሉ» አሉን፤ ሳልኩ። ጋቢ፣ አለንጋ፣ ሰልካካ አፍንጫ፣ አንድ ጆሮ፣ አንድ ዐይን። መምህሩ ወረቀቱን ከፍ አድርገው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰርክአዲስ፣ የአባትሽ አንድ ዐይን ምን ሆኖ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ምን ይሆናል! እኔ የማውቀውን ነው የሳልኩት።

አባቴ አቶ አየነው ይባላሉ፤ ግን ከጥርባ እስከ ግምጃ ቤት በዚህ ስም ብትጠይቁ የሚያውቅላችሁ የለም። ስማቸው አባ ቦራ ነው፤ በፈረሳቸው። ቦራ የሚባለው ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ፈረስ ነው፤ አባቴም እንዲህ ያልሆነ ፈረስ ገዝተው አያውቁም። እኔ ሁለት ቦራዎችን አውቃለሁ። የመጀመሪያው ሲሞት ሁለተኛው ስሙንም፣ ኮርቻውንም፣ የበዓል ልብሱንም ወርሶ ቀጠለ፤ ለእኛ ለልጆቹ ያው ቦራ ነበር።

ቤታችን እንጅባራ አጠገብ ጥርባ ነው፣ ከጥርባ ሐይቅ ብዙም አይርቅም። አባቴ ቤት ሲገቡ የሚቀመጡት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከመደቡ ጥግ፣ ግድግዳውን ታከው። እዚያ ግድግዳ ላይ፣ ከመደቡ ትንሽ ከፍ ብሎ እስከ ተቀመጠ ሰው ዐይን የሚዘልቅ፣ ጭቃ ሳይመረግ የተተወ ረዘም ያለ ቀዳዳ አለ። በዚያ ቀዳዳ ውጭ የታሰረውን ቦራን ያያሉ። እየበሉ ያያሉ፤ እያወሩ ያያሉ፤ እኛን እየተቆጡ እንኳ የሚያዩት ቦራን ነው። እኔና እናቴ ከጎናቸው ሆነን የሚደርሰን ግማሽ ፊት ነበር። እናቴ፣ «የፈረሱን ፊት ያውቃል፤ እኛን በድምፃችን ነው የሚለየን» እያለች ትስቃለች። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። አንዳንድ ቀን ግን ሳቁ አይመጣልኝም።

አድጌ አዲስ አበባ ገባሁ፤ የቤት ውስጥ ዲዛይን ተማርኩ፤ እንጀራዬም እሱ ሆነ። አባቴ ሥራዬን ለጎረቤት ሲያስረዱ «መጋረጃ ታስመርጣለች» ይላሉ። መጋረጃማ አስመርጣለሁ። ስሜ የወጣው ግን በመጋረጃ አይደለም፤ በመስኮት ነው። የጥርስ ሐኪም ቤት ማረፊያ ስሠራም፣ ካፌ ስሠራም፣ አፓርታማ ስሠራም፣ እጄ ሳላዘው አንድ መስኮት ዝቅ ያደርጋል። የታችኛው ደፍ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ቢል ነው። አጠገቡ አግዳሚ መቀመጫ አለ፤ የተቀመጠው ሰው ሳይንጠራራ ውጭውን ያያል።

ግንበኞች ይህን መስኮት አምርረው ይጠሉታል። አንዱማ የተሳሳትኩ መስሎት፣ ለእኔ አዝኖ፣ ምሳ ልበላ ወጣ ባልኩበት ብሎኬት ደርድሮ ከፍ አድርጎ ጠበቀኝ። «አሠሪዎችሽ ሳያዩ አስተካከልኩልሽ» አለኝ፤ ምርቃት እየጠበቀ። የደረደረውን ስናፈርስ ከእኔ ጋር አልተነጋገረም።

ሰዉ ግን ወደደው። የሙያ ባልደረቦቼ «የጃፓን ተጽዕኖ ይታይብሻል» አሉኝ። እኔ ጃፓንን የማውቃት በካርታ ነው። አንድ የቦሌ ደንበኛዬ ደግሞ፣ ፎቅ ላይ ያለ ቤታቸውን ስሠራላቸው፣ «በዚህ ዝቅታ ምን ልይበት? ከታች ያለው የመኪና ማቆሚያ ነው!» ብለው ተቆጥተው ነበር። ቆይተው ደወሉልኝ። ከሥራ ሲገቡ እዚያ ቁጭ ብለው መኪናቸውን እንደሚያዩ፣ እንዲህ ያለ ዕረፍት አግኝተው እንደማያውቁ በደስታ ነገሩኝ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ ነገሩ እስካሁን ገብቷችኋል። እኔ ግን፣ ዲግሪ የጫንኩት፣ አልገባኝም ነበር። ለምን ዝቅ ታደርጊዋለሽ ሲሉኝ «ለብርሃን» እላለሁ። በዚህ የማይረኩ ካጋጠሙኝ ደግሞ «ለአየር።»

ባለፈው ዓመት አቶ ይኸነው እንጅባራ ላይ ላሠሩት ሆቴል ጠሩኝ። አቶ ይኸነው የጫግኒ ሰው ናቸው፤ ቆላ ተወልደው፣ በእህል ንግድና በአውቶቡስ መሀል ያደጉ። የእንጅባራን ገበያ እንጂ የእንጅባራን ብርድ እስከ ዛሬ አልለመዱትም፤ ቤት ውስጥ እንኳ ካፖርት አይለያቸውም። ደግ ናቸው። ችግራቸው ሁሉም ነገር ትልቅና የሚያብለጨልጭ እንዲሆን መፈለጋቸው ነው።

«ልጄ፣ የአገሩ ልጅ ነሽ፤ አሳምሪልኝ» አሉኝ።

በደስታ ዘለልኩ። በአገሬ ምድር የምሠራው የመጀመሪያ ሥራ ነበርና። ግን እውነቱን ላውራ፣ ያስደሰተኝ ሌላ ነው። አባቴ እኔ በሠራሁት ቤት ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም። አዲስ አበባ አንድ ጊዜ መጥተው፣ «ቦራ ብቻውን ነው» ብለው በማግሥቱ ተመልሰዋል። እንጅባራ ግን ለጥርባ ደጅ ነው። ሆቴሉ የሚመረቀውም በጥር፣ የአገሬው ፈረሰኞች በሚሰበሰቡበት በዓል ዕለት ነበር፤ አባቴ ያን በዓል ቀርተውበት አያውቁም። መጥተው፣ ቁጭ ብለው፣ ዙሪያቸውን አንድ ጊዜ ቢያዩልኝ ሌላ ምን እፈልግ ነበር?

አዳራሹን በዚህ ልብ ሠራሁት። ጣሪያውን እዚያው በበቀለ ቀርከሃ አለበስኩት። መብራቶቹን ከቀርከሃ በተሠሩ ቅርጫቶች ውስጥ አድርጌ በመስመር ሰቀልኳቸው። ከፋይ የለበሱትን ወንበሮች የመረጡት አቶ ይኸነው ናቸው፤ ወርቅማ እግር አላቸው፤ ስለ እነሱ ምንም አልልም። በግቢው በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ደግሞ እጄ የለመደውን አደረገ፤ ከዳር እስከ ዳር ዝቅ ያለ መስኮት፣ አጠገቡም ረጅም አግዳሚ።

አንድ ጠዋት አቶ ይኸነው ግድግዳ የሚያክል ቲቪ በአይሱዙ አስጭነው ከተፍ አሉ።

«እዚህ ነው የሚሰቀለው» አሉ፣ ጣታቸውን መስኮቴ ላይ ቀስረው።

«ጋሼ፣ እዚህ እኮ መስኮት ነው።»

«ድፈኚዋ! ሰው ሆቴል የሚገባው ግቢ ሊያይ ነው? ግቢውንማ ሲገባ አይቶታል። ኳስ ነው የሚያየው።»

«ብርሃን ያስገባል።»

«አምፖል ምን ሠርቶ ይብላ?»

«አየርም...»

«አየር! በእንጅባራ!» ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆለፉ። «እኔ አየሩን ስከላከል ነው የምውለው። እሺ፣ አንድ ጥሩ ምክንያት ንገሪኝ፤ እተወዋለሁ። ከሌለሽ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ይደፈናል።»

ጥሩ ምክንያት አልነበረኝም። ተናድጄ ወጣሁ፤ የተናደድኩት ግን በራሴ ነው። ይህን ያህል ዓመት መስኮት ዝቅ ሳደርግ ኖሬ፣ ለምን ስባል የምለው ነገር አጣሁ። ባጃጅ ያዝኩና አባቴን ለበዓሉ ልጠራ ወደ ጥርባ ሄድኩ።

ሁለተኛው ቦራ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ሞቶ ነበር። ያን ጊዜ በስልክ ያረዳችኝ እናቴ ናት፤ አባቴ ስልኩን አልቀበልም ብለው ነበር። ስደርስ አባቴ ቦታቸው ላይ የሉም። ደጅ፣ ከበሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሚያዩት ነገርም አልነበረም። ሰላምታዬን ተቀብለው፣ «ግቢ፣ እናትሽ አለች» አሉኝ።

ገባሁና ሳላስበው እሳቸው ቦታ ላይ ቁጭ አልኩ። በሕይወቴ ተቀምጬበት አላውቅም፤ ከእሳቸው በቀር ማንም አይደፍረውም ነበር። ቀዳዳው በአሮጌ ጆንያ ተወትፏል።

«ነፋስ ይገባል ብሎ ነው» አለች እናቴ። «እስከ ዛሬ የት የነበረ ነፋስ እንደሆነ እንጃለት።»

ጆንያውን ሳብኩት። የቦራ ማሰሪያ እንጨት እንደቆመ ነው፤ ሥሩ ላይ ሣር በቅሎበታል። እኔ ሳልንጠራራ፣ ሳላጎነብስ፣ ልክ ዐይኔ ባረፈበት ነው ያየሁት። ከዚያ እጄ ወደ ቦርሳዬ ሄደና ሜትር ይዞ ተመለሰ። ከመደቡ እስከ ቀዳዳው ደፍ ለካሁ። በሥራዬ ሁሉ ከአግዳሚው እስከ መስኮቱ ደፍ ከምስለው ጋር በጣት ቢለያይ ነው። ያን ሁሉ ዓመት የጥርስ ሕመምተኛውንም፣ ማኪያቶ የሚጠጣውንም፣ የቦሌውንም ሰውዬ፣ አንድ ሳይቀር አባቴ ቦታ ሳስቀምጣቸው ኖሬያለሁ።

«ጃፓን!» ብዬ ሳቅኩ።

«ማን ናት ደግሞ ጃፓን?» አለች እናቴ። ልመልስላት ስል ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ፤ ምን እንደሚያስለቅሰኝም በደንብ አውቄ ነበር። እኔ ለማላውቀው ሰው ሁሉ የአባቴን ቦታ ሠርቻለሁ፤ አባቴ ግን የእኔን አንዱንም አላዩም።

ዐይኔን ጠራርጌ ወጣሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ለበዓሉ ይመጣሉ አይደል? የሠራሁትን ቤት ያዩልኛል።»

«ያለ ፈረስ?»

«ያለ ፈረስ የሚመጣ ስንት ሰው አለ።»

«ያ ስንት ሰው አባ ቦራ አይባልም።»

«ባጃጅ ልኬ አስመጣዎታለሁ።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። አባቴ ሲናደዱ አማርኛው ይጠፋቸዋል፤ የሚወርዱብኝ በአዊኛ ነው። ያሉኝን እዚህ አልተረጉመውም። መሀል መሀል ላይ ግን «ባጃጅ» የሚል ነበረበት፤ እሱን መተርጎም አያስፈልግም።

ሲበርድላቸው፣ «ታዲያ ሌላ ፈረስ ይግዙ» አልኳቸው።

ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ይሄ እርካብ ይወጣል? ገዝቼ ለሰው ላስጋልበው? ተይኝ ሰርኬ። አንቺ መጋረጃሽን አስመርጪ።»

በቁጣ ቢሉት ኖሮ እቆጣ ነበር። ያሉት ግን በፍቅር ነው፤ ቅስሜን የሰበረውም እሱ ነው።

እንጅባራ እንደተመለስኩ አቶ ይኸነውን ሄጄ አገኘኋቸው።

«ምክንያቱን አገኘሁት፤ ፈረስ ነው» አልኳቸው።

«የምን ፈረስ?»

«ፈረሰኛ ፈረሱን የማያይበት ቦታ አይቀመጥም። እስኪ ያስታውሱ፤ በበዓሉ ዕለት ፈረሰኞቹ የሚጠጡት የት ነው?»

አሰቡ። «ደጅ ቆመው። በአንድ እጅ ልጓም፣ በአንድ እጅ ጠርሙስ። ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ይሄ ሁሉ ወንበር እያለ።»

«ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ፈረሳቸው አይታያቸውማ! በከተማው ያለው መስኮት ሁሉ ለቆመ ሰው የተሠራ ነው።»

አቶ ይኸነው ነጋዴ ናቸው። ፈረስ ባያውቁም ደጅ የቆመ ደንበኛ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ካፖርታቸውን ፈታ አደረጉ። ተስማማን። ቲቪው እስከ በዓሉ ከካርቶኑ አይወጣም። ፈረሰኞቹ ገብተው ከተቀመጡ መስኮቱ ይኖራል፤ ካልገቡ እኔው ራሴ ብሎኬት ደርድሬ እደፍነዋለሁ። በዚያው ሞቅታ ከመስኮቱ ፊት ለፊት የፈረስ ማሰሪያ ይተከልልኝ አልኳቸው። አቶ ይኸነው አዲስ የተነጠፈውን የኮብልስቶን ግቢያቸውን አዩ፤ ፈረስ የቆመበት ቦታ ምን እንደሚመስል አሰቡ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«መጥረጊያው በአንቺ ነው» አሉ።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። ከዳንግላ፣ ከግምጃ ቤት፣ ከየቀበሌው ፈረሰኛ ጎረፈ። ሜዳው ላይ ያለውን ትርኢት አላየሁትም፤ ሆቴሉ በር ላይ ቆሜ ጥፍሬን እበላ ነበር። ከሰዓት ሲሆን ፈረሰኞቹ ወደ ከተማው መመለስ ጀመሩ። መጀመሪያ ወደ እኛ የዞሩት አቶ ፀጋው የሚባሉ የዳንግላ ሽማግሌ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር በዓል ሲጋልቡ የኖሩ። ፈረሳቸውን አሰሩ። እንደ ልማዳቸው ደጅ ሆነው ሊያዝዙ ሲሉ በበሩ ወደ ውስጥ አዩ። ገባ አሉ። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ወደ ግቢው ተመለከቱ፤ ፈረሳቸው ከነልብሱ ጥለት፣ ከነመጣብር ጌጡ ቁልጭ ብሎ ታያቸው። ወገባቸውን ዘና አደረጉ።

«ቢራ» አሉ። ቀጥለው በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ «ኧረ ግቡ! ከዚህ ይታያል!» ብለው ጮኹ።

ከዚያ በኋላ አግዳሚው ላይ መርፌ መጣያ ጠፋ። ትከሻ ለትከሻ ተጣበው፣ ሁሉም ፊቱን ወደ ግቢው አድርጎ፣ የራሱን ፈረስ ያሞግሳል፤ የሌላውን ያጣጥላል። ወርቅማ እግር ያላቸው ወንበሮች ባዶአቸውን ቀሩ። አቶ ይኸነው እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ከትተው ቆመው ሲያዩ ቆዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ያኛውንስ ግድግዳ ብናፈርሰው?»

አሸነፍኩ ማለት ነው። ግን ሆዴ አልሞላም። ሌሎቹ በመስኮቴ ፈረሳቸውን ሲያዩ እኔ የማየው የግቢውን በር ነበር። በመሀሉ እናቴ ደወለች። «ለብሶ ወጥቷል! ወዴት ስለው መልስ...» ብላ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ብደውል፣ ብደውል እንቢ አለ።

ብዙም ሳይቆይ አባቴ በግቢው በር ገቡ፤ በእግራቸው። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ አለንጋቸውን ይዘው። በኋላ እንደሰማሁት እስከ ከተማው መግቢያ የመጡት በባጃጅ ነው፤ ሰው እንዳያያቸው ከዚያ ወርደው በጓሮ በኩል ዞሩ። ይህን ለማንም እንዳትናገሩ።

በፈረሶቹ መሀል ቀስ ብለው አለፉ። የአንዱን አንገት ዳበስ፣ የሌላውን ላላ ያለ የኮርቻ መቀነቻ ጠበቅ አደረጉ። ሲገቡ አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«አባ ቦራ! እዚህ! እዚህ ነው ቦታዎ!»

መሀል ላይ፣ ከሁሉ የተሻለው ቦታ ተለቀቀላቸው። አባቴ ወደ መስኮቱ ተጠጉ። እጃቸውን ደፉ ላይ አሳረፉ፤ በጉልበታቸው ለኩት፤ ዝቅ ብለው ወደ ውጭ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄን ቀዳዳ አውቀዋለሁ» አሉ።

አንገቴን ነቀነቅኩ።

ከዚያ ይቀመጣሉ ስንል አልተቀመጡም። ወደ አዳራሹ መሀል ሄዱ፤ ከነዚያ የከፋይ ወንበሮች አንዱን ሳቡ፤ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጡትና ፊታቸውን ወደ ቤቱ አድርገው ተቀመጡ።

«ምነው አባ ቦራ፣ ፈረስ አያዩም እንዴ?» አሉ አቶ ፀጋው።

«የሰው ፈረስ ነው፤ ባለቤቱ ይየው።» አለንጋቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። «እኔ ዛሬ የማየው ፈረስ የለኝም። ልጄ የሠራችውን ልይ።»

አዩም። ገበያ ላይ ፈረስ ሲመርጡ እንደሚያዩት ነው ያዩት፤ ሳይቸኩሉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ደግሞ ከታች ወደ ላይ። ጣሪያውን አዩ፤ ወለሉን አዩ፤ የተቀመጡበትን ወንበር እግር አይተው ወደ እኔ ዞር አሉ፤ «የእኔ አይደለም» አልኳቸው፤ ቀጠሉ። ቢራው ሲቀርብላቸው እንኳ አልነኩትም። እኔ እንደ ተፈታኝ ተማሪ እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ አለንጋቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ።

«ያች ሦስተኛዋ መብራት ተንጋዳለች።»

ውሃ ልክ ይዤ ነው የሰቀልኳቸው! በፍጹም ልል አፌን ከፍቼ ቀና ብዬ አየሁ። ተንጋዳለች።

ቅርብ ያገኘሁትን ወንበር ስቤ ወጣሁበት። «ወንበሬ! ከፋዩ!» አሉ አቶ ይኸነው፤ የሰማቸው የለም። መብራቷን ያዝኩ።

«አሁንስ?»

«ትንሽ ወደ ግራ።»

«አሁንስ?»

መልስ ሲዘገይብኝ ቁልቁል አየሁ። መብራቷን እያዩ አልነበረም። አንገታቸውን ቀና አድርገው እኔን ነበር የሚያዩኝ፤ ፊት ለፊት፣ ሙሉውን። ያኛው፣ ያልሳልኩት ዐይናቸው ከማውቀው ትንሽ ጠበብ ይላል፤ ቅንድቡ ላይም ትንሽ ጠባሳ አለችበት። ከዚያ በፊት አይቻት ይሆናል፤ አስተውያት ግን አላውቅም።

«ተስተካክላለች፤ ውረጂ ልጄ» አሉኝ።

አልወረድኩም። ገና የምታስቸግረኝ አስመስዬ መብራቷን ይዤ ቆየሁ።